የኪሮሽ ካሬዎች፦ ሥራው የብዙ እጅ፣ ግጥሚያው የአንድ እጅ

አዲስ አበባ፦ በልደታ ክፍለ ከተማ አብነት አካባቢ ወደ አንድ ቤት ለጥየቃ የገባ እንግዳ፣ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ የሚያርፈው በነጭ ዳንቴል ላይ ነው። ዳንቴሉ በሶፋው መደገፊያ፣ በቡፌው፣ በረከቦቱ አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ቀድሞ በቴሌቪዥን አናት ላይም አይጠፋም ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ አናት ካጣ ወዲህ ግን ወደ ማስቀመጫው ወርዷል። እንግዳው ንጣቱን አይቶ ያልፋል። ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ያ ነጭ ልብስ አንድ ወጥ ሥራ ሳይሆን በኪሮሽ ለየብቻ ተሠርተው እርስ በርስ የተጋጠሙ ብዙ ትናንሽ ካሬዎች ስብስብ ነው።

ካሬዎቹ እንዴት እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚጋጠሙ ለማስረዳት የተነሣሁት በአንድ ችግር ምክንያት ነው። አብነት የሚኖሩት አክስቴ ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ለጥር ሠርግ የሚደርስ የአልጋ ልብስ ትእዛዝ ተቀብለው ነበር። ስፋቱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40 ነው። ጎንና ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ሲታሰብ በወርዱ 20፣ በቁመቱ 24፣ በድምሩ 480 ካሬ ይፈልጋል። ከአራቱ ሴቶች አንዷ በልማት ምክንያት ከግቢው ተነሥተው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ ድርሻቸውን የሠሩት እዚያው ሆነው ነው። ሥራው ሁሉ አልቆ ካሬዎቹ አልጋ ላይ ሲደረደሩ የአብነቶቹ አንድ ረድፍ 2 ሜትር መጣ፤ የጀሞዎቹ ረድፍ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ልዩነቱ በአንዱ ካሬ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱን ካሬዎች በእጅ ይዞ ለሚያስተያይ ሰው አይታወቅም። ሃያ ጊዜ ሲደጋገም ግን አንድ ሙሉ ካሬ ያህል ይተርፋል። እንዲህ ያለውን በግድ ቢሰፉት አንዱ ወገን ይሸበሸባል፣ ሌላው ወገን ይወጠራል፤ የአልጋ ልብሱም መቼም ቢሆን አይተኛም።

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ከመሣሪያው መጀመር ይገባል። ኪሮሽ የምንለው ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ቀጭን ዘንግ ነው፤ በእርሱ የሚሠራውንም ሥራ በዚያው ስም እንጠራዋለን። ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙም ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ለሱፍ ክር የሚያገለግለው ኪሮሽ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ለዳንቴል ክር ግን ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የብረት ኪሮሽ ያስፈልጋል። የዳንቴል ክር ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይቀጥናል፤ ቁጥር 40 ከቁጥር 10 እጅግ የቀጠነ ነው። ለቁጥር 10 ክር ከ1 ነጥብ 25 እስከ 1 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ያለው ኪሮሽ ይስማማዋል። የጀሞዋ ጎረቤት ክሩን ከሌሎቹ ጋር አንድ ቁጥር ገዝተው ነበር፤ የኪሮሻቸው ውፍረት ግን 1 ነጥብ 75 ነበር። የሩብ ሚሊ ሜትር ልዩነት በሰባት ዙር ተባዝቶ አደባባይ ወጣ።

ኪሮሹ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ የሰው እጅ አንድ አይደለም። ክሩን በጣቷ ላይ አጥብቃ የምትይዝ ሠሪ ትንሽና ጠንካራ ካሬ ታወጣለች፤ የምታላላው ደግሞ ሰፊና ለስላሳ ታወጣለች። የአንዷም እጅ ቢሆን ጠዋትና ማታ ይለያያል። ደክሟት የሠራችው ይላላል፤ ተናድዳ የሠራችው ይጠብቃል።

ካሬው ሲሠራ መነሻው ከመሐል ነው። በቅድሚያ አምስት ወይም ስድስት ሰንሰለት ተሠርቶ ጫፍና ጫፉ ሲያያዝ ትንሽ ክብ ይሆናል። ከዚያ በክቡ ውስጥ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ረጃጅም ስፌቶች ይሠራሉ። ሠሪዎች እንደየሰፈሩ ልዩ ልዩ ስም ይሰጧቸዋል፤ በዚህ ጽሑፍ ግን ዓምድ ብለን እንጥራቸው። ዓምድ ለመሥራት ክሩን አንድ ጊዜ በኪሮሹ ላይ መጠምጠም፣ ኪሮሹን ወደ ክፍተቱ አስገብቶ ክር ስቦ ማውጣት፣ ከዚያም በኪሮሹ ላይ ካሉት ሦስት ቀለበቶች ሁለት ሁለቱን በሁለት ጊዜ ማሳለፍ ነው። ሦስት ዓምዶች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንድ ዘለላ ይሆናሉ። በመጀመሪያው ዙር አራት ዘለላዎች ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ሁለት ሁለት ሰንሰለት ይገባል። ክቡ ወደ ካሬነት የሚለወጠው በእነዚህ አራት የሰንሰለት ክፍተቶች ነው፤ የካሬው ማዕዘኖች እነርሱ ናቸውና።

ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ሕጉ አንድ ነው። በየማዕዘኑ ክፍተት ውስጥ ሦስት ዓምድ፣ ሁለት ሰንሰለት፣ እንደገና ሦስት ዓምድ ይገባል፤ በጎኖቹ ላይ ባለው በእያንዳንዱ ክፍተት ደግሞ አንድ ዘለላ ብቻ። ዳንቴሉ ፈካ ብሎ ብርሃን እንዲያሳልፍ በጎን ባሉ ዘለላዎች መካከል አንድ አንድ ሰንሰለት ይጨመራል። በዚህ አሠራር ዓምዶቹ በየዙሩ በ12 እያደጉ ይሄዳሉ፤ አንደኛው ዙር 12፣ ሁለተኛው 24፣ ሦስተኛው 36 እያለ ሰባተኛው 84 ይደርሳል። የቆጠራ ስሕተት ያለባት ሠሪ በዚህ ታገኘዋለች፤ በሦስተኛው ዙር 33 ወይም 39 ከመጣ አንድ ዘለላ ተረስቷል ወይም በዝቷል ማለት ነው። ባለ ሰባት ዙሩ ካሬ በጠቅላላው 336 ዓምዶች አሉት። ለአልጋ ልብሱ 480 ካሬ ሲባዛ ከ161 ሺህ በላይ ዓምድ ይሆናል፤ እያንዳንዱም በእጅ የቆመ ነው።

የክሩን መጠን አስቀድሞ ማወቅም ከካሬው ይጀምራል። የሱቅ ሚዛን የአንድን ካሬ ክብደት በትክክል ስለማያነብ አሥር ሠርቶ አንድ ላይ ማስመዘን ይሻላል። አሥሩ 25 ግራም ቢመጣ፣ 480ው 1 ኪሎ ከ200 ግራም ነው፤ ይኸውም ባለ 50 ግራም ጥቅል 24 ጊዜ ማለት ነው። ለመጋጠሚያና ለጠርዝ ሁለትና ሦስት ጥቅል ይጨመርበታል። ከአብነት መርካቶ ቅርብ ነው፤ ይህ ቅርበት ግን ሴቶችን ክሩን ጥቂት በጥቂት ወደ መግዛት ያዘነብላቸዋል። ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም። የተለያየ ቀን የተነከረ ክር በሱቅ መብራት ቢመሳሰልም በመስኮት ብርሃን አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቅቤ ሲያደላ ይታያል። በጥቅሉ ወረቀት ላይ ያለውን የነከራ ቁጥር አስተያይቶ ሙሉውን በአንድ ጊዜ መግዛት ይመረጣል፤ ገንዘቡ ካነሰ ደግሞ ባለ ሱቁ እንዲያስቀምጥ ቀብድ መስጠት።

ስለ ክሩ ካነሣን ዘንድ፣ በገጠር ያሉ አንባቢዎቻችን በየቤታቸው የሚፈተለው ማግ ለዚህ ሥራ ለምን እንደማይውል ሊጠይቁ ይችላሉ። ማግ ነጠላ ክር ነው፤ ግምደቱም ላላ ያለ ነው። ለሸማ ልስላሴ የሚሰጠው ይህ ጠባዩ በኪሮሽ ሥራ ላይ ጉዳት ይሆናል፤ መንጠቆው በገባና በወጣ ቁጥር ክሩን ይሰነጥቀዋል። የዳንቴል ክር ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነው። ጠንካራና አንጸባራቂ የሚያደርገውን ዘዴ ያገኘው ጆን መርሰር የተባለ እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የጥጥ ክር በኮስቲክ ሶዳ ሲነከር ጭረቱ ያብጣል፤ ኋላ የመጡ ባለሙያዎች ደግሞ ክሩን እያወጠሩ ቢነክሩት ብርሃን እንደሚመልስ ደርሰውበታል። ለዚህ ሂደት ጭረቱ ረጅምና ንጹሕ የሆነ ጥጥ ይመረጣል። በመተማ፣ በቋራና በአዋሽ ሸለቆ ጥጥ ለሚያመርት ገበሬ፣ በግብርና ኮሌጅ ሳለሁ ከተማርኩት አንዱን ላስታውስ፦ ጥጥ የሚለቀመው በጨርቅ ከረጢት እንጂ በማዳበሪያ ጆንያ አይደለም። ከጆንያው የሚረግፈው የፕላስቲክ ጭረት ከጥጡ ጋር ተፈትሎ ይገባል፤ ቀለም ስለማይቀበል በተነከረው ክር ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ነጭ ዳንቴል ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ደግሞ ከሩቅ ትጣራለች።

ወደ ግጥሚያው እንመለስ። የአክስቴ ቡድን ያለቁ ካሬዎችን በመርፌ ሊሰፋ ነበር ያሰበው። ይህ በብዛት የተለመደው መንገድ ነው። ሁለት ካሬዎች ፊት ለፊት ይደረጋሉ፤ የጠርዛቸው ስፌቶች አንድ ለአንድ እየተቆጠሩ ይሰፋሉ። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ብዛቱ ግን ያታክታል። በ480ው ካሬ መካከል 916 መጋጠሚያዎች አሉ፤ እያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በጠቅላላው ወደ 92 ሜትር የሚጠጋ ስፌት ነው። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ካሬ አንድ የመጀመሪያና አንድ የመጨረሻ የክር ጭራ አለው፤ 960 ጭራዎች በመርፌ ወደ ውስጥ መደበቅ አለባቸው። ሠሪዋ ጭራውን አሳጥራ ቆርጣ ከተወችው በሁለተኛው እጥበት ወጥቶ ካሬው ከመሐሉ መተርተር ይጀምራል።

ሁለተኛው መንገድ በኪሮሹ በራሱ ጠርዞቹን አያይዞ መሥራት ነው። ፈጣንና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በመጋጠሚያው ላይ ከፍ ያለ መስመር ይተዋል። ለሱፍ ብርድ ልብስ ያምራል። ለቀጭን ዳንቴል ግን ብዙም አይመከርም፤ በተለይ ሰው የሚተኛበት ከሆነ መስመሩ ይቆረቁራል።

ሦስተኛው፣ በእኔ እይታም ለፈካ ካሬ ከሁሉ የሚሻለው፣ ካሬው እየተሠራ የሚጋጠምበት መንገድ ነው። ሁሉም ካሬዎች እስከ ስድስተኛው ዙር ተሠርተው ይቆያሉ። አንዱ ብቻ ሰባተኛው ዙር ይሠራለትና ይጨረሳል። የሁለተኛው ካሬ ሰባተኛ ዙር ሲሠራ፣ ከመጀመሪያው ጋር በሚጎራበትበት ጎን ላይ በዘለላዎቹ መካከል መግባት የነበረበት ሰንሰለት ይቀርና በምትኩ ኪሮሹ በጎረቤቱ ካሬ ትይዩ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ክሩን ስቦ ያወጣል። በማዕዘን ላይ ደግሞ አንድ ሰንሰለት፣ ከዚያ ከጎረቤቱ ማዕዘን ጋር ማያያዝ፣ ከዚያ እንደገና አንድ ሰንሰለት ይሠራል። በሰባተኛው ዙር በአንድ ጎን ስድስት ክፍተትና ሁለት ማዕዘን ስላለ ሁለቱ ካሬዎች በስምንት ቦታ ይያያዛሉ። መጋጠሚያው ራሱ ጥልፍ ይመስላል፤ መርፌም አያስፈልገውም።

በዚህ ዘዴ ጀማሪዎችን የሚያስቸግረው አራት ማዕዘኖች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ካሬ ሲመጡ እያንዳንዱን ማዕዘን ከአጠገቡ ካለው ጋር ብቻ ቢያያይዙት መሐሉ ላይ የተጣመመ ቀዳዳ ይፈጠራል። መፍትሔው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማዕዘኖች በተያያዙበት በዚያው ነጥብ ላይ ኪሮሹን ማስገባት ነው፤ አራቱም በአንድ ቋጠሮ ይቀመጣሉ።

የዘዴው ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ካሬዎቹን ስድስተኛው ዙር ድረስ ማንም ይሥራቸው፣ የት ይሥራቸው፣ ጠርዙን የሚያወጣው አንድ እጅና አንድ ኪሮሽ ይሆናል። ጥቂት የጠበበውን ካሬ ያቺ እጅ ላላ አድርጋ ትሠራዋለች፤ የሰፋውን ታጠብቀዋለች። የእጅ ልዩነት ሳይጋጠም በፊት በመጨረሻው ዙር ይስተካከላል። በእርግጥ ግማሽ ሳንቲ ሜትር የሚያህል ልዩነት በዚህ ብቻ አይጠፋም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሁሉም ሠሪ አንድ አንድ ናሙና ካሬ አምጥታ በማስመሪያ መለካት ግድ ነው። ናሙናው የሰፋባት ሠሪ ኪሮሿን በቀጭን ትለውጣለች፤ የጠበበባት በወፍራም።

ሥራን ለብዙ ቤት አካፍሎ ግጥሚያውን ለአንድ ሰው መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ወድሞ ታላቅ ረኃብ በደረሰ ጊዜ ብዙ የገጠር ቤተሰቦች በኪሮሽ ዳንቴል እየሠሩ እህል መግዣ አግኝተዋል። አንዱ ቤት አበባውን፣ ሌላው ቤት ቅጠሉን ይሠራል፤ በእጇ የታወቀች ሴት ደግሞ ሁሉንም ሰብስባ በአንድ መደብ ላይ ታጋጥመዋለች። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ይህ ከመሐል የሚጀምር ባለ ዘለላ ካሬ በጽሑፍ ከታተመባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱም የአሜሪካ ገበሬዎች ጋዜጣ የነበረው ፕሬሪ ፋርመር ነው፤ አፕሪል 4 ቀን 1885 በወጣው እትሙ። የካሬው መነሻ ቁጠባ ነበር፤ ከሹራብና ከካልሲ የተረፈ ቁራጭ ክር ሳይጣል አንድ ዙር ያወጣልና።

የአብነቱ የአልጋ ልብስ እንዴት እንደዳነ ልንገራችሁ። ከጀሞ የመጡት ካሬዎች 90 ነበሩ። አክስቴ ሌሊቱን ሲቆጥሩ አድረው አንድ ነገር አስተዋሉ፤ 20 በ24 በሆነ ድርድር የዳር ዳሩ ካሬዎች ብዛት 84 ነው። በማግስቱ የእነዚያን 84 ካሬዎች የመጨረሻ ዙር ተርትረው በረጅሙ ዓምድ ፈንታ በአጭር ዓምድ፣ ማለትም ሦስቱ ቀለበት በአንድ ጊዜ በሚያልፍበት ስፌት፣ እንደገና ሠሩት። እያንዳንዱ ካሬ በሁለቱም ወገን ጥቂት ጥቂት ቀንሶ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ደረሰ። ዳሩን ዞረው ሲሰፉ ጠርዙ ጠበቅ ያለ፣ መሐሉ ፈካ ያለ ልብስ ወጣ። ለጎደሉት ስድስት ቦታዎች አዲስ ካሬ ሠሩ። የሙሽራዋ እናት ሲረከቡ የጠየቁት የዳሩን ንድፍ ከየት እንዳመጡት ነበር፤ ማንም እውነቱን አልነገራቸውም።

ከመጋጠም በኋላ ልብሱ ቅርጽ መያዝ አለበት። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ተዘፍዝፎ ይታጠባል፤ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፤ ከዚያ በፍራሽ ላይ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፎ በየማዕዘኑ ዝገት በማይዘው ስፒል ተወጥሮ ይደርቃል። ትናንሽ ማስቀመጫዎች እንዲጠነክሩ በስታርች ወይም በስኳር ውሃ ይነከራሉ። ስኳሩ ጉንዳን ስለሚጠራ ስታርቹ ይሻላል። በረኪና ደግሞ ደጋግሞ ከነካው የጥጡን ጭረት ያሳሳል፤ ያነጣው መስሎ ይበጣጥሰዋል።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። እጇ የፈጠነ ሠሪ አንዱን ካሬ እስከ ስድስተኛው ዙር በ30 ደቂቃ፣ ሰባተኛውን ዙር ከግጥሚያው ጋር በ10 ደቂቃ ጨረሰችው እንበል። 480 ካሬ 320 ሰዓት ይፈጃል፤ በቀን 8 ሰዓት ቢታሰብ 40 ሙሉ የሥራ ቀን ነው። ልብሱ በ14 ሺህ ብር ተሸጠ፣ ለክር 4 ሺህ ብር ወጣ ብለን ብንገምት የሚተርፈው 10 ሺህ ብር ለቀን 250 ብር ብቻ ይደርሳል። ብዙ ሴቶች ይህን ስሌት አይሠሩም፤ ምክንያቱም ሰዓቱ ከወጥ መሥሪያና ከልጅ ማሳደጊያ መካከል ተቆራርጦ የተገኘ ስለሆነ እንደ ሥራ ሰዓት አይቆጠርም። ካሬው ለዚህ ኑሮ መመቸቱ ራሱ ነው ድካሙን የሚሰውረው፤ በታክሲ ወረፋም፣ በለቅሶ ቤት ድንኳንም፣ ሽሮ እስኪፈላም ይሠራልና።

ገዢውም ቢሆን ከውጭ የገባውን የማሽን ዳንቴል በርካሽ አይቶ ከዚያ ጋር ያስተያያል። ሁለቱ ግን አንድ ዕቃ አይደሉም። በገበያ ላይ ያለው የማሽን ዳንቴል በሽመናና በጥልፍ ማሽን የተመሰለ ነው፤ እውነተኛው የኪሮሽ ስፌት ዛሬም የሚወጣው ከሰው እጅ ነው። ለመለየት ልብሱን ገልብጦ ማየት ይጠቅማል። በእጅ የተሠራው በየካሬው አንድ የተደበቀ ጭራ ይገኝበታል፤ ከዓምዶቹም አንዱ ከሌላው በመጠኑ ይለያል።

አክስቴ ከዚያ ጥር ወዲህ በአንድ ደብተር ላይ ሰዓት መጻፍ ጀምረዋል። አሁን በእጃቸው ያለው ለፋሲካ የሚደርስ የጠረጴዛ ልብስ ነው፤ ጎንና ጎኑ 12 ካሬ፣ በድምሩ 144። የጀሞዋ ጎረቤት ድርሻቸውን በየሳምንቱ በፌስታል አድርገው በታክሲ ይልካሉ፤ ሁሉም ስድስተኛው ዙር ላይ የቆሙ ናቸው። ከሠርጉ የተረፉት ስድስቱ ሰፋፊ ካሬዎች አልተጣሉም። ቡና በተፈላ ቁጥር ስኒ ይቀመጥባቸዋል።